አቧራውን በደረቁ አትጥረጉት

ዛሬ ረፋዱ ላይ ከገበያ ስመለስ መኪናዬ ተጠርጋ ጠበቀችኝ። ከስማዳ መልስ ተሸክማው የመጣችው አቧራ የለም። አንድ ትንሽ ልጅ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ አጠገቧ ቆሟል። «ጋሼ፣ እስኪመጡ ብዬ ጠረግኩልዎት» አለኝ። የፊቱን ደስታ ብታዩት! መረቅሁት፣ የድካሙንም ሰጠሁት። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ኮፈኑን በፀሐይ አንጻር ሳየው፣ አዲስ ጭረት ክብ ክብ እየሠራ ከዳር እስከ ዳር ሄዷል።

ልጁን ጠርቼ በጎን አሳየሁት።

«አየኸው?»

«አየሁት ጋሼ። እኔ ነኝ እንዴ?»

«አቧራው ነው። አንተማ ደክመህልኛል» አልሁት። እውነቴን ነው። ማን አስተምሮት ያውቃል? ትልልቆቹ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ጠዋት ወጥቶ አቧራውን በአሮጌ ሹራብ ጥርግ አድርጎ መሄድ የከተማችን የደብረ ታቦር ልማድ ሆኗል። አቧራው ላይ በጣት «እጠበኝ» ብለው የሚጽፉትንም አልረሳኋቸውም። መልእክታቸው ልክ ነው፤ ጽሑፉ ግን መኪናው ከታጠበ በኋላም ይነበባል።

እስኪ ዛሬ ስለዚህ ነገር ላውራ፤ ሆዴ ውስጥ ከርሟል።

እኛ አገር መኪና በየጥቂት ዓመቱ የሚቀየር ዕቃ አይደለም። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ ያለችን ያችው ቪትስ፣ ያችው ዲኤክስ፣ ያችው ሃይሉክስ ናት። አንዱ በብድር፣ አንዱ በእቁብ፣ ሌላው የወንድም እህቶቹን መዋጮ ጨምሮ የገዛት ናት። ለሽያጭ ስትወጣ ደግሞ ገዢው ሞተሩን ሳያስነሣ «ቀለሟ የፋብሪካ ነው?» ይላል። በጣቱ አንጓ ላሜራውን ያንኳኳል፤ ስቱኮ ያለበት ቦታ ድምፁ ይደፈናል። ማግኔት ይዞ የሚመጣም አለ። ያልተነካ ቀለም ገንዘብ መሆኑን ሁላችንም እያወቅን፣ ያንኑ ቀለም በየጠዋቱ በገዛ እጃችን እንፍቀዋለን። የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

የፋብሪካ ቀለም ንብርብሩ ሁሉ ተደምሮ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ብዙም አይበልጥም። ከላይ ያለውና ፀሐዩን የሚመክተው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ቀለም ቀቢዎች ክሊር የሚሉት፣ ከዚያም ግማሹን እንኳ አይሞላም። እንደ ዲኤክስ ያሉ የድሮ መኪኖች ብዙዎቹ ጭራሽ የላቸውም፤ ፖሊሽ ስታሹባቸው ጨርቁ ላይ የሚወጣው ራሱ ቀለሙ ነው። የጉና ተራራችን ደግሞ ጥንት እሳተ ገሞራ ነበር። ከመንገዳችን የሚነሣው አቧራ ውስጥ የዚያ ዐለት ዱቄት አለ፤ ከቀለም ይጠነክራል። እሱን በደረቅ ጨርቅ ማሸት መኪናውን በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ማለት ነው።

ፀሐዩም አለ። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርዱ ያታልለናል፤ ጋቢ ደርበን ስለምንውል ፀሐይዋ የማትጎዳ ይመስለናል። በዚያ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በቡሄ ሰሞን፣ በቀትር ልክ በአናታችን ላይ ታልፋለች። የቡሄዋን ደመናው ይጋርድልናል፤ የሚያዝያዋን የሚጋርድ የለም። ቀይ መኪና ቶሎ የሚነጣው፣ ከሌላው አካል ይልቅ ጣሪያና ኮፈን ቀድሞ የሚላጠው ለዚህ ነው።

ሚኒሶታና ካናዳ ያላችሁ ዘመዶቻችን በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው መኪናችሁን ከሥር እንደሚበላው ታውቃላችሁ። እኛ ያ ጣጣ የለብንም። የፎገራ ዋልካ ጭቃ ግን ፓራፋንጎ ውስጥ ተጋግሮ እርጥበት ይዞ ይከርማል፤ ዝገቱም ከውስጥ ተነሥቶ ወደ ውጭ ይወጣል። ላዩን ስታጥቡ ከሥርም ውሃ አድርሱለት።

ቀለም ካነሣሁ አይቀር የሰርጉን ነገር ሳልናገር አላልፍም።

ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ መኪናዬን ለሙሽራ ለመነኝ። በደስታ! ለሰርግ መኪና የሚነፍግ ሰው እኛ ጋ ሰው አይባልም። አጥቤ፣ ሰም ቀብቼ አስረከብሁ። አስጌጪው መጣና ሪባኑን በስኮች፣ አበባውን በባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ እያደረገ ኮፈኑና ፓራፋንጎው ላይ ለጠፈው። ሚዜዎቹ በየመስኮቱ ወጥተው እየጨፈሩ፣ ክላክስ እያስጮኹ ከተማውን ዞሩ። ጎረምሶቹ ኮፈኑን ከበሮ አደረጉት፤ ለዚያውም ቀለበት ባጠለቀ ጣት! አረፋ የሚረጨውም ረጨ። ይህ ሁሉ የሰርግ ነው፣ ያምራል፣ ይሁን። ግን ጌጡ እስከ መልሱ ድረስ ፀሐይ ላይ ዋለ አደረ። ማጣበቂያው በፀሐዩ በሰለ። ሪባኑን ሲነቅሉት ድሮ ተጠግኖ ዳግም የተቀባው የፓራፋንጎ ቀለም አብሮ ተነሣ፤ ሪባኑ በሄደበት ልክ፣ እንደ ሪባኑ ረዥም ሆኖ።

አክስቴ ሰምታ ወጣች። «ልጄ፣ ተላጠብህ ወይ?» አለችኝ። እንግዳው ሁሉ ያየኛል። «ትዳራቸው እንደዚህ ማጣበቂያ ይጽና» ብዬ መረቅኋቸው፤ ግቢው በሙሉ አሜን አለ። ምርቃቱ ከልቤ ነው። ማጣበቂያውም እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ሲልቨር ቀለም ዳግም ሲቀባ ከቀድሞው ጋር መግጠሙ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ያ ፓራፋንጎ ከዚያ ወዲህ ከሌላ መኪና የመጣ ይመስላል።

ሰርግ ያለባችሁ ስሙኝ። ሪባን በክር ነው የሚታሰረው፤ ከስፖኪዮ፣ ከበር እጀታ፣ ከፖርቶ መጋላ። ጫፉን በሩ ሲዘጋ ይይዘዋል። ተለጥፎ ከሆነም በቢላ አትፋቁት። ለብ ባለ የሳሙና ውሃ አርሱት፤ እምቢ ካለ የምግብ ዘይት ቀቡትና ጥቂት ታገሡ፤ ከዚያ በጥፍር ቀስ ብላችሁ አንሡትና ዘይቱን አጥባችሁ አውጡ። መኪና ያዋሰ ሰው ደግሶላችኋል ማለት ነው፤ ንብረቱን በደህና መመለስ ምስጋና ነው።

የት ነበርሁ? እጥበቱ ጋ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ መኪና ማጠብ ቅንጦት ነው የምትሉኝ አላችሁ፤ አልፈርድባችሁም። እናቶች በጀሪካን የሚሸከሙትን ውሃ በጎማ ለቅቆ መኪና ላይ ማፍሰስ ነውር ነው። ግን ሁለት ባልዲና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃሉ። መጀመሪያ ክዳኑ በተበሳ ሃይላንድ ከጣሪያው ጀምራችሁ አቧራውን አርሱት፤ ረጥቦ ይውረድ፣ ጨርቅ ገና አይንካው። ከዚያ በአንዱ ባልዲ ሳሙናውን፣ በሌላው ንጹሕ ውሃ ያዙ። አንድ በር ካጠባችሁ በኋላ ጨርቁን በንጹሑ ውሃ ሳታለቀልቁ ወደ ሳሙናው አትመልሱት። ከላይ ወደ ታች ውረዱ። ጎማና ቸርኬ የራሳቸው ጨርቅ ይኑራቸው፤ ጭቃው ያለው እዚያ ነውና። መሬት ላይ የወደቀ ጨርቅ ሳይታጠብ ቀለም አይንካ።

ኦሞውን ለልብስ ተዉት። የልብስ ዱቄት ሳሙና ኃይለኛ ነው፤ የተቀባውን ሰም ጠርጎ ይወስዳል፣ የበርና የመስኮት ላስቲኩን ያደርቃል፣ ያልሟሟው ፍሬም ይጭራል። የመኪና ሻምፖ ከመለዋወጫ ሱቅ ይገኛል፤ አንድ ጠርሙስ ለብዙ ጊዜ ይሆናል። በቀትር ፀሐይ፣ ኮፈኑ ገና እንደጋለም አትጠቡ፤ ሳሙናው እዚያው ይደርቅበታል። ስታደርቁ ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰ የጥጥ ነጠላ፣ ጥለቱ ተቆርጦ፣ ይሆናል። ማይክሮፋይበር ካገኛችሁማ እሱን የሚያህል የለም።

ክረምት ላይ ከቆርቆሮው የሚወርደውን ዝናብ በበርሜል ያዙ። የመጀመሪያው ዶፍ ጣሪያውን ይጠብ፣ ይሂድ። ቀጥሎ የሚመጣው ማዕድን እምብዛም የሌለበት ውሃ ነው፤ ሲደርቅ እንደ ጉድጓድ ውሃ ነጭ ነጠብጣብ አይተውም። ለመኪና ከዚህ የተሻለ ውሃ በገንዘብ አይገዛም።

ሪብ ወንዝ ውስጥ መኪና አስገብታችሁ የምታጥቡ ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ተዉት። የጣና ዓሣ በክረምት እንቁላሉን ሊጥል ሽቅብ ከሚወጣባቸው ወንዞች ሪብና ጉማራ ይገኙበታል። ከሞተራችሁ የሚወርደው ዘይት ለእሱም፣ ከታች ለሚጠጣው ሰውና ከብትም መርዝ ነው። ለቀለማችሁም አይበጅም፤ የወንዝ ውሃ አሸዋ አለው።

ጽድ ሥር የምታቆሙ፣ ጥላው መልካም ነው፣ ወፉን ግን እወቁበት። የወፍ ኩስ አሲድ አለው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ሽፋኑን በልቶ አሻራውን ይተዋል። እርጥብ ጨርቅ ጫኑበት፣ ለስልሶ ሲለቅ አንሡት፣ አትሹት። ዛሬ ያልተነሣ ነገ በፖሊሽም ላይለቅ ይችላል።

በናፍጣ አሽታችሁ የምታበሩ ደግሞ አላችሁ። ለአንድ ቀን ያበራል፤ በማግሥቱ የከተማውን አቧራ ሁሉ ሰብስቦ ይጠብቃችኋል፣ ላስቲኩንም ይበላዋል። መሸፈኛው ሰም ነው። አንድ ወዳጄ «የኛን የንብ ሰም ብንቀባስ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ ጥያቄው ደስ አለኝ። የንብ ሰም ከ60 ዲግሪ ብዙም ሳይርቅ ይቀልጣል፤ የሚያዝያ ፀሐይ ያጋለው ጥቁር ኮፈን ላይ ለስልሶ አቧራ ይይዛል። ለመኪና የሚሆነው ብራዚል ከሚበቅለው ከካርናውባ ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ነው፤ እሱ የሚቀልጠው ከ80 በላይ ነው። እኛ ያለንን ለጧፍ እንተወው፤ ክብሩም እዚያ ነው። ካርናውባውን በንጹሕና በቀዘቀዘ ቀለም ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ሲደርቅ ወልውሉ። ውሃ ስታፈሱበት እንክብል እንክብል እያለ ከወረደ ሰሙ አለ፤ ተዘርግቶ ከቀረ አልቋል፣ ድገሙት። እንደ አያያዛችሁ ሁለት ወር ገደማ ያገለግላል።

ሌላም ብዙ አለኝ፣ ግን ደከመኝ። ለገና ከውጭ የምትመጡ፣ በእኛ በኩል ወደ ላሊበላ የምታልፉም፣ ቤተሰብ ምን እናምጣ ብላችሁ ስትጠይቁ «ምንም አትቸገሩ» እንደሚላችሁ አውቃለሁ። ማይክሮፋይበር ጨርቅና አንድ ቆርቆሮ ሰም ሻንጣችሁ ውስጥ ጨምሩ። ሽቶው ይቅር።