ጡት ያስጣለ ደንብ

አምና አንድ ተማሪዬ ለደብተር እርዳታ የድህነት ማስረጃ ሲጠየቅ ጓደኞቹ ፊት አንገቱን ደፋ። የጠየቅኩት እኔ ነበርኩ።

ያን ሌሊት መድረሳ ሳለን ኡስታዛችን የነገሩን ትዝ አለኝ። ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ) ከበይተል ማል ለሕፃናት የሚሰጠውን ጡት ለጣሉት ብቻ ወስነው ነበር። አንዲት እናት ድርሻው እንዳይቀርባት ያለ ጊዜው ጡት ስታስጥል ሕፃኑ ሲያለቅስ ሰሙ። ከዚያ ወዲያ ለተወለደ ሁሉ እንዲሰጥ አዘዙ ይባላል።

ፊንላንድም በ2017 እና 2018 (እ.ኤ.አ.) ለ2,000 ሥራ አጦች በመደበኛው ድጎማ ፈንታ በወር 560 ዩሮ ያለ ቅድመ ሁኔታ ሰጥታ ሞክራለች። ሥራ ያገኘም አልተቀነሰበትም። በሥራ ረገድ ለውጡ ጥቂት ቢሆንም የተቀባዮቹ ጭንቀት ቀለለ።

ውድ አንባብያን፣ ለሁሉ ለመስጠት ግብሩ ይበቃል ወይ? ለበሽተኛውስ ያንሰዋል ወይ? መመርመር አለበት። እኔ ግን ዘንድሮ ወላጆች እንደየአቅማቸው አዋጥተው ደብተሩን ለክፍሉ ሁሉ አደልኩ። አንገቱን የደፋ አልነበረም።