ቴሌቪዥን ለቤተ ሰብ ሰዓት እንዲታዘዝ

ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራውን በ1957 ዓ.ም. በጀመረ ጊዜ ስርጭቱ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነበረ፤ መሣሪያውም የሚገኘው በጥቂት ቤቶች ነበር። ዛሬ ግን ስርጭቱ ሌሊትና ቀን የማያቋርጥ ከመሆኑም በላይ፥ ብዙ ሰው የሚወደው ዝግጅት ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ተከማችቶ ይገኛል። ይህም ጊዜ የቤተ ሰቡ አባል ሁሉ ከየተሰማራበት ተመልሶ ማዕድ የሚቀርብበት፥ ጸሎት የሚደርስበት፥ ልጆችም የቀን ውሏቸውን ለአባትና ለእናታቸው የሚናገሩበት ሰዓት ነው። ስለዚህ በብዙ ቤት እራት የሚቀርበው ድራማው ሲያልቅ፥ ጸሎት የሚደርሰውም ዜናው ሲፈጸም ሆኗል፤ በአንዳንዱም ቤት ጸሎቱ ጭራሹን ቀርቷል። እኔ ቴሌቪዥኑን ከቤት አውጥታችሁ ጣሉት ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የማልቀበለው፥ የቤታችን ሥርዓት በማናውቀው ሰው የዝግጅት ሠንጠረዥ እንዲመራ ነው።

ለዚህ ችግር ደኅና መፍትሔ የሚሆን መሣሪያ አለ፤ ይኸውም ስርጭቱን ተቀብሎ በዲስክ ወይም በፍላሽ ላይ እየቀዳ፥ ባለቤቱ በፈቀደው ሰዓት መልሶ የሚያሳይ ሣጥን ነው። ሥራው ፈጽሞ አዲስ አይደለም። ቪ ኤች ኤስ የሚባለው የቪዲዮ ካሴት እ.ኤ.አ. በ1976 በጃፓን ከወጣ ጀምሮ ከቴሌቪዥን መቅዳት የታወቀ ነገር ነው። በካሴት ፈንታ በኮምፒውተር ዲስክ ላይ የሚቀዱት ቲቮ እና ሪፕሌይ ቲቪ የተባሉት ሣጥኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ለገበያ ቀረቡ።

በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን መቅጃ ሣጥን ሲፈልጉ የሚያነሡት ጥያቄ፥ በኬብል የሚመጣው ይሻላል ወይስ በሳተላይት የሚመጣው? የሚል ነው። ኬብሉ በምድር ውስጥ ወይም በምሰሶ ተስቦ ወደ ቤት የሚገባ ስለ ሆነ ዝናብ አያስቸግረውም፤ ነገር ግን መስመሩ ባልተዘረጋበት ገጠር አይገኝም። ሳተላይቱ በየትም ቦታ ይደርሳል፤ ዳሩ ግን ሳህኑ የደቡቡን ሰማይ ያለ ዛፍና ያለ ሕንፃ ከለላ ማየት አለበት፥ ብርቱ ዝናብ ሲመጣም ሥዕሉ ይቆራረጣል። በኪራይ ቤት ለሚኖር ሰው ግን አንድ የሚጠቅም ደንብ አለ፤ የአገሩ የመገናኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣውና በ1999 ለተከራዮችም ያስፋፋው ነው። በዚህም ደንብ መሠረት ሰው ለብቻው በሚጠቀምበት ሰገነት ላይ እስከ 1 ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ ቢያቆም አከራዩ አይከለክለውም። ይህ ሁሉ መልካም ነው። እኔ ግን ጥያቄው ዋናውን ነገር የሳተ ይመስለኛል፤ በኬብልም ይምጣ በሳተላይት፥ ሣጥኑ አብዛኛውን ጊዜ የኩባንያው ነውና፥ በውስጡ የተቀዳው ነገር የማን ነው? ተብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ እኛ ዘንድ ቴሌቪዥን በሰፊው የሚገባው በዲሽ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት የተባለው አገልግሎት ከተከፈተ ወዲህ ብዙዎቹ የአገራችን ጣቢያዎች በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ወዳለው ሳተላይት ስለ ተዛወሩ፥ አስቀድሞ ወደ ምዕራብ ያዩ የነበሩት የአዲስ አበባ ሳህኖች ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረዋል። (ወደ ምሥራቅ ዞሮ መቆም ለእኛ ስላልከበደን፥ ሳህኖቹም ዘግይተው ተማሩ ብዬ በልቤ ፈገግ ብያለሁ።) እንግዲህ በእኛ ቤት ምርጫው በሁለት ዓይነት ሣጥን መካከል ነው። አንደኛው ያለ ክፍያ የሚታዩትን ጣቢያዎች የሚቀበልና ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ሲሰካበት የሚቀዳ ተራ ሪሲቨር ነው። ሁለተኛው በየወሩ የሚከፈልበት፥ ዲስኩ በውስጡ ያለ የኩባንያ ሣጥን ነው። ሁለተኛው ለዓይን ያማረ፥ ለአጠቃቀምም የቀለለ መሆኑን አልክድም፤ ሳምንት ሙሉ የሚመጣውን ዝግጅት በዝርዝር ያሳያል፥ አንድ ጊዜ ከታዘዘም ተከታታዩን ሁሉ ራሱ እየጠበቀ ይቀዳል።

በምኖርበት ሰፈር ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ አንድ መሪጌታ ነበሩ። በአንድ ዓመት የጥምቀት በዓል ሲተላለፍ፥ ከካህናቱ ጋር ቆመው ሲያሸበሽቡ ለጥቂት ደቂቃ በቴሌቪዥን ታዩ፤ ልጃቸውም በወር በሚከፈልበት ሣጥን ቀድቶ አስቀመጠው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይታይ ነበር፤ እርሳቸው ግን ሲታይ ያፍሩና ወደ ጓዳ ይገቡ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሣጥኑ ተበላሸ፤ ኩባንያውም አሮጌውን ወስዶ አዲስ ሰጣቸው። ማንም ልብ አላለውም። መሪጌታ ካረፉ በኋላ በአርባቸው ዕለት ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ ባለቤታቸው ያን ሥዕል እንዲያሳዩአቸው ለመኑ። ልጁ አዲሱን ሣጥን ከፍቶ ፈለገ፥ ባዶ ነበረ። በማግሥቱ ሄዶ ቢጠይቅ፥ ዲስኩ በአሮጌው ሣጥን ቁልፍ የተዘጋ ስለ ሆነ ቢገኝ እንኳ በሌላ መሣሪያ እንደማይከፈት ነገሩት። እናቱ ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ አንድ ቀን እንኳ አላነሡም ይባላል፤ ልጁን ይበልጥ የሚከብደውም ይኸው ዝምታቸው ነው።

ነገሩ የሠራተኞች ክፋት አይደለም፤ የመሣሪያው አሠራር ነው። በክፍያ የሚታየው ስርጭት በምስጢር ቁልፍ ተቆልፎ የሚላክ ስለ ሆነ፥ ሲቀዳም እንደ ተቆለፈ ይቀዳል። ቁልፉ ያለው በሣጥኑና በካርዱ ነው፤ ሣጥኑ ሲለወጥ ወይም ውሉ ሲቋረጥ ቅጂው አለ እየተባለ የሌለ ይሆናል። ያለ ክፍያ የሚታዩት ጣቢያዎች ግን ያለ ቁልፍ ስለሚላኩ፥ ተራው ሪሲቨር በፍላሽ ላይ የሚያስቀምጠው ፋይል ብዙውን ጊዜ በኮምፒውተርም ይከፈታል፥ ወደ ሌላ ዲስክም ይገለበጣል። ብዙውን ጊዜ ያልኩት፥ አንዳንድ ፋብሪካ ተራውን ሪሲቨር እንኳ ከራሱ በቀር ሌላ እንዳይከፍተው አድርጎ ስለሚሠራው ነው። ስለዚህ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በሱቁ ውስጥ አምስት ደቂቃ ያስቀዳ፤ ፍላሹንም ነቅሎ በኮምፒውተር ወይም በሌላ ሪሲቨር ይሞክረው። ሻጩ ቢሰለች ይሰልች።

ሁለተኛው የሚመረመር ነገር ሣጥኑ ስንት ስርጭት በአንድ ጊዜ መቀበል እንደሚችል ነው። አንድ መቀበያ ብቻ ያለው ሪሲቨር ስብከት እየቀዳ ሳለ ልጆቹ ኳስ ማየት ቢፈልጉ፥ ሁለቱ ጣቢያዎች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ካልተላለፉ በቀር አይሆንም። ሁለት መቀበያ ያለው ይህን ችግር ያስወግዳል፤ ነገር ግን በሳህኑ ላይ ያለው ኤል ኤን ቢ ባለ ሁለት መውጫ እንዲሆን፥ ሁለት ሽቦም ወደ ቤት እንዲገባ ያሻል። ይህን አስቀድሞ ለዲሽ ሠራተኛው መንገር ሁለተኛ ጣሪያ ከመውጣት ያድናል።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያስቸግረው ግን ሰዓቱ ነው፤ በዚህም ላይ ጥቂት ልቆይ። ሪሲቨሩ የሚያውቀው የፈረንጅን ሰዓትና ቀን ብቻ ነው። በመጀመሪያ የሰዓት ክልሉን ጂ ኤም ቲ ሲደመር 3 ላይ ማቆም ይገባል። ከዚያ በኋላ በቀን ለሆነው በእኛ ሰዓት ላይ 6 መደመር ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ለሪሲቨሩ 15 ሰዓት ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ላለው 18 ይደመራል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት 20 ይሆናል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እርሱ ዘንድ ዜሮ ነው፤ ከዚያ በኋላ ላለው ሌሊት 6 ይቀነሳል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። እኛ የቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት የምንለውን ሪሲቨሩ የእሑድ 2 ሰዓት ይለዋል፤ ማኅሌቱን ለመቅዳት ቅዳሜ ብሎ የሞላ ሰው አንድ ቀን ቀድሞ ሌላ ነገር ቀድቶ ያገኛል።

በዓላትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻሉ። ጥምቀት ጥር 11 ቀን በሌሎቹ ዓመታት ጃንዩወሪ 19 ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን፥ ያለፈው ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ስለ ነበረች፥ ወደ ጃንዩወሪ 20 ይሻገራል፤ በ2016 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው። መስቀልም መስከረም 17 ቀን በዘመነ ዮሐንስ ሴፕቴምበር 28 ይሆናል። ልደት ብቻ በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ቀን ስለሚከበር በእነርሱ አቆጣጠር ከጃንዩወሪ 7 አይነቃነቅም። ይህን ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ስጽፍላቸው ከሒሳብ ሁሉ አብልጠው ወደዱት፤ የሪሲቨሩ ጉዳይ ባሕረ ሐሳብን ሊያስወድድ ይችላል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ስለ መያዣው መጠን ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። በሴኮንድ 3 ሜጋቢት የሚላክ መደበኛ ሥዕል በሰዓት 1.35 ጊጋባይት ያህል ይወስዳልና፥ 32 ጊጋባይት ያለው ፍላሽ ከ20 ሰዓት በላይ ይይዛል። ጥራቱ ከፍ ያለው የዚህን እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። መብራት መጥፋት ግን ብርቱ ጠላት ነው፤ በሚቀዳበት መካከል ከጠፋ እስከዚያ የተቀዳው እንኳ ሊበላሽ ይችላል። በትልቅ በዓል ቀን ሪሲቨሩን ለጥቂት ጊዜ ሊያቆየው የሚችል ባትሪ ያለው ሰው ቢጠቀምበት ይበጃል።

አሁን ደግሞ ምን ይቀዳ? ወደሚለው እንምጣ። ስብከት፥ ትምህርት፥ መዝሙር፥ ለልጆች የሚሆን ታሪክ፥ ዜናም ቢሆን ከጸሎት በኋላ እንዲታይ ቢቀዳ መልካም ነው። እሑድ ተረኛ የሆነ ዘበኛ ወይም ነርስ ያመለጠውን ስብከት ማታ ከልጆቹ ጋር ሊሰማ ይችላል። ስለ ቅዳሴ ግን በዲቁና እንዳደገ ሰው አንድ ቃል እናገራለሁ። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ብዙ ምእመናን የሕማማትንና የትንሣኤን ሥርዓት በየቤታቸው በቴሌቪዥን ተከታትለዋል፤ ያ የጭንቅ ጊዜ ነበር። ከአልጋ መነሣት ላልቻለች አሮጊት የተቀዳ ቅዳሴ ታላቅ መጽናናት ነው፤ ሲታይ ስትሻገር አይቻለሁና። እግሩ ደኅና ለሆነ ሰው ግን ከቁርስ በኋላ ሶፋ ላይ ተቀምጦ፥ ረዘመ ባለው ቦታ በሪሞት እያሳለፈ የሚያየው ቅዳሴ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ማስቀደስ ግን አይባልም። ሥጋ ወደሙ በሥዕል አይታደልም።

ሕጉንም መጥቀስ ይገባል። በአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 በ5 ለ4 ድምፅ፥ ሰው በቤቱ ቆይቶ ለማየት ሲል ስርጭት ቢቀዳ ጥፋት እንዳልሆነ ወስኗል። የእኛም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል መጠቀሚያ መቅዳትን ይፈቅዳል። አብዝቶ መሸጥ ግን የተከለከለ ነው፤ የሚሸጠው መዝሙር ቢሆንም እንኳ።

አንዳንድ ወዳጆቼ፥ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሁሉም በዩቲዩብ ይገኝ የለምን? ይሉኛል። ብዙው ይገኛል። ነገር ግን ያወጣው ሰው በፈለገ ቀን ያጠፋዋል፤ ደግሞም አንዱን ስብከት ጨርሶ ሳይዘጋ ሌላ ያልተጠራ ነገር ተከትሎ ይመጣል፥ ልጆቹም ከዚያው ይቀራሉ። ፍላሹ የያዘውን አሳይቶ ይቆማል፤ እኔ ይህን መቆሙን እወድለታለሁ።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፥ ሣጥኑ ተመርጦ ሥራ ከጀመረ በኋላ የሚቀር አንድ ትንሽ ነገር አለ። ሪሲቨሩ የቀዳውን ፋይል የሚሰይመው በጣቢያው ስምና በፈረንጅ ቀን ቁጥር ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ከመቶ ቁጥር መካከል የትኛው የአያት እንደ ሆነ የሚያውቅ አይኖርም። ስለዚህ በዚያው ሳምንት በኮምፒውተር ከፍቶ፥ የበዓሉን ስም፥ ዓመተ ምሕረቱን፥ በውስጡ የታየውን ዘመድ ስምና በስንተኛው ደቂቃ እንደሚገኝ ጽፎ፥ አንዱን ቅጂ በቤት፥ ሁለተኛውን በሌላ ዘመድ ቤት ማኖር ነው። በእኛ ቤት ይህን ሥራ የያዘችው ታላቋ ልጄ ናት፤ ደብተሩም ከቴሌቪዥኑ ሥር ይቀመጣል።