የሦስት ግራም መንገደኛ

ጥቃቅን ፍጥረታትን ማድነቅ ቀላል ነው፤ አኗኗራቸውን ማወቅ ግን ሌላ ድካም ይጠይቃል። በአሜሪካ አህጉር ብቻ የሚገኙት፣ አበባ ፊት በአየር ላይ ቀጥ ብለው ቆመው ወለላ የሚቀስሙት ሀሚንግበርዶች በሥዕልና በፖስታ ካርድ ላይ ጌጥ ሆነው ኖረዋል። ስማቸውን ያገኙት ክንፋቸው ከሚያሰማው ማንጎራጎር ነው። ከእነርሱ መካከል ወንዱ እንደ ዳማ ፈረስ የቀላ ላባ ያለው፣ ከሁሉም ይልቅ ወደ ሰሜን ርቆ እስከ ደቡብ አላስካ ድረስ ዘልቆ የሚራባው ዝርያ ግን ይህን የጌጥነት ማዕረግ በአኗኗሩ የሚያስተባብል ነው።

የዚህች ወፍ ክብደት ከ3 እስከ 4 ግራም ነው። የብርዱን ወራት በአብዛኛው በሜክሲኮ ታሳልፍና ቀኑ መርዘም ሲጀምር የፓስፊክን ጠረፍ ተከትላ ወደ ሰሜን ትነሣለች፤ በሚያዝያ አላስካ ትደርሳለች። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጉዞው 6,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስትመለስ ግን ብዙውን ጊዜ በመጣችበት አትመለስም። በሐምሌና በነሐሴ አበባው የሚፈካው በሮኪ ተራሮች ከፍታ ላይ በመሆኑ መንገዷን በዚያ ታደርጋለች።

ሰሜኑ ቸር አይደለም። ወፊቱ በምትደርስበት ሰሞን በጥላ ቦታ ያለው በረዶ ገና አልቀለጠም፤ አበባ ብርቅ ነው። በጠረፉ ደን ቀድሞ የሚያብበው፣ በኢትዮጵያ ደጋ ከሚታወቀው እንጆሪ ጋር የአንድ ወገን የሆነው ባለ ደማቅ ሮዝ አበባ ቁጥቋጦ ከመጀመሪያዎቹ ማዕዶቿ አንዱ ነው። እርሱም ባልፈካ ጊዜ የግንደ ቆርቁር ሥራ ይደርስላታል። ከግንደ ቆርቁር ወገን የሆነ አንድ ወፍ የዛፉን ልጥ በረድፍ እየበሳ የሚፈሰውን ፈሳሽ ይልሳል፤ ሀሚንግበርዷም ከዚያው ቀዳዳ ትጠጣለች፤ በጣፋጩ የተሳቡትን ጥቃቅን ነፍሳትም ትለቅማለች። ብዙ ሰው ምግቧ ወለላ ብቻ ይመስለዋል፤ ይሁን እንጂ ያለ ነፍሳት ጫጩት አታሳድግም። በዚህ ላይ የሸረሪት ድር ሲታከል፣ ያቺ ብቸኛ የምትመስል በራሪ የስንቱ ፍጥረት ባለ ዕዳ እንደሆነች ይገለጣል።

ድሩ የሚያስፈልገው ለጎጆ ነው። ወንዱ ጉሮሮው እንደ ፍም እየጋለ ከሰማይ ቁልቁል እየተወረወረ ሴቲቱን ካማለለ በኋላ ጎጆ መሥራትም ሆነ ጫጩት ማሳደግ አያውቅም፤ ቀድሞ ወደ ደቡብ የሚመለሰውም እርሱ ነው። ሠዓሊዎች አብዝተው የሚሥሉት ግን ይህንኑ ጉሮሮ ነው! እናቲቱ የእፅዋትን ጥጥ በሸረሪት ድር እያያዘች፣ ውጭውን በዛፍ ሽበት እየለበጠች ከቡና ስኒ ያነሰ ጎጆ ትሠራለች። ድሩ የሚለጠጥ በመሆኑ ጫጩቶቹ ሲያድጉ ጎጆው አብሯቸው ይሰፋል። ባቄላ የሚያህሉ ሁለት እንቁላሎች ጥላ ከሁለት ሳምንት በላይ ብቻዋን ትታቀፋለች፤ የተፈለፈሉትንም ብቻዋን ትመግባለች።

በአየር ላይ መቆሙ ራሱ ውድ ሥራ ነው። ክንፏ በሴኮንድ 50 ጊዜ ያህል ይመታል። እ.ኤ.አ. በ2005 በዚችው ዝርያ ላይ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ አየር ላይ ከሚያቆማት ኃይል 75 ከመቶው የሚገኘው ክንፏ ወደ ታች ሲመታ፣ 25 ከመቶው ደግሞ ወደ ላይ ሲመለስ ነው። በኢትዮጵያ በእሬት አበባ ላይ የሚታዩት፣ አንዱ ዝርያቸው በተከዜ ወንዝ የተሰየመው ባለ ቆልማማ ምንቃር ወፎች በመልክና በምግብ ሀሚንግበርድን ቢያስታውሱም የቅርብ ዝምድና የላቸውም፤ የሚቀስሙትም አብዛኛውን ጊዜ ቅርንጫፍ ላይ አርፈው ነው።

ቀን የተገኘው ምግብ ለሌሊቱ ላይበቃ ይችላል። በዚህን ጊዜ ወፊቱ የሰውነቷን ሙቀት ዝቅ፣ የልቧን ምት ዘግየት አድርጋ የሞተች እስክትመስል ትደነዝዛለች። ንጋት ላይ ጡንቻዋን እያንቀጠቀጠች ትሞቅና ወደ አበባዋ ትመለሳለች። የትኛው አበባ እንደተቀሰመም ታስታውሳለች። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች በሮኪ ተራሮች 8 ሰው ሠራሽ አበቦች አቁመው ግማሾቹን በየ10 ደቂቃው፣ ግማሾቹን በየ20 ደቂቃው ይሞሉ ነበር፤ ወፎቹም የየአበባውን ጊዜ ለይተው ወደ እያንዳንዱ በሰዓቱ መመላለስ ጀመሩ። በጉዞ ላይ ለጥቂት ቀናት ያረፉበትን የአበባ መስክ ከሚበልጧቸው ወፎች ሳይቀር ተዋግተው የሚያስከብሩትም ይህንኑ ሒሳብ እንዳያፋልስባቸው ይመስላል።

እንዲህ ያለ ኑሮ የሌሎችን ቀጠሮ መከበር ይፈልጋል፤ አበባው ጊዜውን ቢስት ወይም ደኑ ቢመነጠር የሚካሰው ነገር ጥቂት ነው። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ወዲህ የዝርያው ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀንሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2018ም ለመጥፋት ሥጋት ከተቃረቡት መዝገብ ገብቷል።

መንገዳቸውን ለማወቅ ተመራማሪዎች በቀጭን እግራቸው ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት ያስራሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 በፍሎሪዳ፣ ታላሃሲ ከተማ ቀለበት የታሰረላት አንዲት ወፍ በዚያው ዓመት ሰኔ 28 ቀን በአላስካ፣ ቼኒጋ ቤይ በምትባል መንደር ተያዘች። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት ከ5,600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ቁጥሩ ሲነበብ የተነሣችበት ታወቀ፤ በመካከሉ የት የት እንዳረፈች፣ ከማንስ ቀዳዳ እንደጠጣች ግን ቀለበቱ አይናገርም።