ለልጄ፣ ስለ ሆድሽ ነገር



ሐኪሙ ሕመምሽ አይ ቢ ኤስ የሚባለው የአንጀት መታወክ ነው፣ አሰር ያለው ምግብ አዘውትሪ ካለሽ ወዲህ በየማለዳው የፉርሽካ ዳቦ እየበላሽ ጭራሽ ሆድሽ እንደተነፋ ስትነግሪኝ አንጀቴ ተላወሰ። ምክሩ ልክ ነው፤ ግን አሰር ሁሉ አንድ አይደለም። ፉርሽካ ሻካራ ነው፣ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ እንዳንቺ ያለውን ስስ አንጀት ብዙ ጊዜ ያስቆጣዋል። ለጊዜው ተዪው።

ላንቺ የሚሻለው የአጃ፣ የካሮትና የተልባ አሰር ነው። ተልባ ስትበጠብጪ የሚዝለገለገውን አይተሻል? እሱ ነው ድርቀቱንም ተቅማጡንም የሚያለዝበው። ታምሶ የተፈጨውን በሻይ ማንኪያ አንድ፣ ከሙሉ ብርጭቆ ውሃ ጋር ጀምሪ። ሆድሽ ሲለምደው ቀስ እያልሽ እስከ አንድ የሾርባ ማንኪያ አድርሺው። አትቸኩዪ፤ አሰር በአንዴ ሲበዛ ጤነኛውንም ሆድ ይነፋል። ውሃም አትርሺ።

እንጀራሽን ከተስማማሽ ብዪ፤ ጤፍም አሰር አለው። ጎመንና ፓፓያም ብዙዎችን አያስቸግሩም። ሽሮ ግን በልኩ ይሁን፤ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ከሽምብራው ጋር ሲገናኙ ጋዝ ይበዛል። ምስር ወይም ሽምብራ ስታበስዪ አሳድረሽ ዘፍዝፊና ውሃውን ድፊው። ደግሞ ሁሉንም ምግብ በአንድ ቀን አትተዪ። አንዱን ብቻ ለጥቂት ሳምንት ትተሽ እዪው፤ ለውጥ ከሌለው መልሺው።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን ምሳ ሲጠሩሽ «ጾም ነኝ» እያልሽ መቅረትሽ ነው። ሂጂ ልጄ። ጉርሻ ሲዘረጋልሽ «ይሄ አይስማማኝም፣ ከጎመኑ አጉርሱኝ» ማለት ነውር አይደለም። ይህ ሕመም ያሠቃያል እንጂ አንጀትን አያቆስልም፣ ወደ ካንሰርም አይለወጥም፤ በፍርሃት ከሰው አትራቂ።

ሰገራሽ ላይ ደም ካየሽ፣ ያለምክንያት ከከሳሽ ወይም ሌሊት ተቅማጥ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰሽ ግን «ያው የለመድኩት ነው» ብለሽ አትለፊው፤ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪምሽ ዘንድ ሂጂ።

እናትሽ ተልባውን አምሳ አስፈጭታለች፤ ቅዳሜ አጎትሽ ይዞልሽ ይመጣል። ተፈጭቶ ሲቆይ ስለሚበላሽ ጥቂት ነው የላክነው፤ ሲያልቅ ንገሪን።

አባትሽ