ከ128 ወዲያ

«ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። እኔ ነገሩን ከሥሩ የፈተሽኩት ግን ሐዘንተኛ ካሳፈርኩ በኋላ ነው።

የሰፈራችን እድር መዝገብ አርጅቶ ገጾቹ ከስፌታቸው ሲላቀቁ፣ «በኮምፒዩተር እኔ እሠራላችኋለሁ» ብዬ የተነሣሁት ማንም ሳያስገድደኝ ነው። ሙያዬ ጽሑፍ ቢሆንም፣ ጃቫ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በትርፍ ጊዜዬ ተምሬ ስለነበር ልቤ አብጧል። የፕሮግራሙ ሥራ ቀላል ነው፤ በደረሰኙ ላይ ያለውን የአባል ቁጥር ከመዝገቡ ቁጥር ጋር ያመሳክራል፤ ከገጠሙ «ከፍሏል»፣ ካልገጠሙ «አልከፈለም» ይላል። በመጀመሪያዎቹ መቶ አባላት ሞከርኩት። አንድም አልሳተም።

ሦስት ወር ሲሞላ የውዝፍ ዝርዝር አተምኩ። ከነባሮቹ አባላት አምስት ብቻ ሲገኙበት፣ ከ128 እስከ 162 ያሉት 35ቱ በሙሉ ባለዕዳ ሆነው ወጡ። አንድም ሳይቀር በተርታ መሰለፋቸው ብቻ ሊያጠራጥረን በተገባ ነበር። ነገር ግን እነዚህ በቅርብ ዓመታት ወደ ሰፈሩ የገቡ ተከራዮች ናቸው። «አዲስ ገቢ መቼ በጊዜው ይከፍላል!» አለ ከኮሚቴው አንዱ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ነቅንቄያለሁ።

በዚያው ሳምንት የ131 ቁጥር አባል ባለቤቷ ሞተባት። የሦስት ወር ውዝፍ ያለበት ክፍያው ይያዝ የሚል ደንብ አለንና፣ ድንኳኑ ቢተከልላትም ገንዘቡ ተያዘ። በሣልስቱ ማግስት ጥቁር እንደለበሰች መጥታ፣ ከፌስታል ውስጥ ሦስት ደረሰኞች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። በዕድሜ ከእኔ አትበልጥም። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። የእድሩ ዳኛ ደረሰኞቹን አገላብጠው አዩና ወደ እኔ ዞረው፣ «በል እንግዲህ ልጄ፣ ያንን ዕቃህን ጠይቅልን» አሉኝ።

ሌሊቱን ስፈትሽ አደርኩ። 131ን ከ131 ጋር አወዳድር ስለው «አይደለም» ይለኛል። 130ም እንዲሁ፤ 128ም እንዲሁ። 127 ላይ ስደርስ ግን «አዎ» አለ። ለመሆኑ ለ127 የተሰጠውን ጸጋ 128 ምን አሳጣው?

ምስጢሩ ይህ ነው። ጃቫ ቁጥርን በሁለት መንገድ ይይዛል፤ አንድም በጥሬው፣ አንድም በሣጥን እንደታሸገ ዕቃ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው አምስተኛው ጃቫ ጥሬውን ቁጥር ራሱ እንዲያሽግ ተደረገ። ከ-128 እስከ 127 ያሉት 256 ቁጥሮች ዘወትር ስለሚፈለጉ፣ ቦታና ጊዜ እንዳይባክን ሣጥኖቻቸው ተሠርተው ይቀመጣሉ። 100ን አሥር ጊዜ ብትጠሩ አሥር ጊዜ የሚመጣላችሁ ያው አንዱ ሣጥን ነው። 128ን ሁለት ጊዜ ብትጠሩ ግን፣ በተለመደው አሠራር፣ ሁለት አዳዲስ ሣጥኖች ይመጡላችኋል። እኔ የተጠቀምኩበት ድርብ የእኩል ምልክት ደግሞ ሣጥኖችን ሲያገኝ የሚጠይቀው «የያዛችሁት እኩል ነው ወይ?» ብሎ ሳይሆን፣ «አንድ ሣጥን ናችሁ ወይ?» ብሎ ነው።

ሁለት የመቶ ብር ኖቶችን አስቡ። ዋጋቸው እኩል ነው፤ የታተመባቸው ተራ ቁጥር ግን ይለያያል። ባለሱቅ ዋጋውን ያያል፤ የእኔ ፕሮግራም ተራ ቁጥሩን ያይ ነበር። በአማርኛችን «አንድ ናቸው» ስንል ሁለቱንም ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ ጃቫ ግን ይለያቸዋል። የቋንቋው ሠሪዎችም ይህን አልደበቁም፤ በቋንቋው ደንብ ላይ ተጽፏል። ዋጋን ለማወዳደር «ኢኩዋልስ» የሚባል ሌላ ትእዛዝ አለ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ማስተካከያው አንድ መስመር ብቻ ነበር። እንደገና ሳትም ከ35ቱ መካከል እውነተኛ ውዝፍ የተገኘባቸው ሁለት ናቸው። ማሽኑ የጠየቀው የተሳሳተ ጥያቄ ነው፤ እኛ ግን ጭራሹን አልጠየቅንም። ዝርዝሩ ከነባሮቹ ስም ቢጀምር ኖሮ በዚያኑ ቀን መዝገብ አስመጥተን እናመሳክር ነበር።

ዳኛው በጉባኤ ፊት ይቅርታ ጠየቁ፤ ገንዘቡም ተከፈላት። ደረሰኞቿን ይዤ ቤቷ የሄድኩት እኔ ነኝ። አንድ በአንድ ቆጥራ ተቀበለችኝ፤ ከዚያም መልሳ ቆጠረቻቸው።