ግርጌው ላይ የተጻፈው፦ የምዕራብ ጀርመን የአበባ ማስቀመጫዎች በፍራንክፈርት ገበያ

የምዕራብ ጀርመን የአበባ ማስቀመጫ የሚባለው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በተለይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ፣ በፋብሪካ በብዛት ተሠርቶ ተራው ሕዝብ ቤት የገባ የሸክላ ዕቃ ነው። ትንሹ በመዳፍ ይያዛል፤ ጀርመኖች «ቦደንቫዘ» የሚሉት ትልቁ ደግሞ ወለል ላይ የሚቆምና እስከ ግማሽ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚደርስ ነው።

ፍራንክፈርት ለሚኖር ሰው ዋናው መገኛው የቅዳሜው ፍሎማርክት፣ ማለትም ያገለገሉ ዕቃዎች ገበያ ነው። ገበያው አንድ ቅዳሜ በማይን ወንዝ ዳር፣ ሻውማይንካይ በተባለው የሙዚየሞች ጎዳና፣ በሚቀጥለው ደግሞ በምሥራቁ ወደብ በኦስትሃፈን ይውላል። ድስትና ወንበር ፍለጋ የወጣ አዲስ መጤ ከእነዚህ ዕቃዎች ጋር የሚተዋወቀው እዚያ ነው። ብዙዎቹ ወደ ገበያ የሚወጡት ባለቤታቸው ሲሞት ወይም አረጋውያን መጦሪያ ሲገባ፣ ቤቱ ባዶ በሚደረግበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ከጦርነቱ ፍርስራሽ ተነሥቶ አዲስ አፓርታማ የገባው ትውልድ ሳሎኑን በምን እንዳስጌጠ ዕቃው ያሳያል። ከጎረቤቱ ደጅ አልፎ ላልገባ ስደተኛ የዚያን ቤት ታሪክ የሚነግረው ይህ ዕቃ ነው።

የሙያው እምብርት ከፍራንክፈርት ሰሜን ምዕራብ የሚገኘው የቬስተርቫልድ ደጋ ነው። አካባቢው ለሸክላ የሚስማማ አፈር ስላለው «ካነንቤከርላንድ»፣ የማሰሮ ሠሪዎች አገር፣ ይባላል። ባይ እና ያስባ የተባሉት ፋብሪካዎች በራንስባህ-ባውምባህ፣ ዱምለር ኡንድ ብራይደን ደግሞ በሆር-ግረንዝሃውዘን ይሠሩ ነበር። ከዚህ አካባቢ ውጭ ሩሻ በራይንባህ፣ ሾይሪኽ በባቫሪያዋ ክላይንሆይባህ ይገኙ ነበር። ሾይሪኽ ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

አሠራሩ የተመሠረተው በቅርጽ ማውጫ ነው። በውሃ የቀጠነ ጭቃ በጀሶ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይፈስሳል፤ ጀሶው ውሃውን ሲመጥጠው ዙሪያውን ይጠጥራል፤ ትርፉ ይደፋል። ከደረቀ በኋላ ቅብ ተቀብቶ እቶን ይገባል። የዘመኑ መለያ የሆነው ሻካራ ቅብ የሚገኘው ሲሊኮን ካርባይድ ሲጨመርበት ነው። ይህ ንጥረ ነገር በእሳት ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በወፍራሙ ቅብ ውስጥ ሲፈላ አረፋ ይሠራል፤ አረፋው ፈንድቶ ሲቀዘቅዝ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመሰለ ቀዳዳ ያስቀራል። ኦቶ ገርሃርዝ በ1959 ለሩሻ ያዘጋጀው «ቩልካኖ» የዚህ ዓይነት ቅብ ስመ ጥር ምሳሌ ነው። ሰብሳቢዎች ዛሬ «ፋት ላቫ» የሚሉት ስያሜ የተስፋፋው በ2006 በእንግሊዝ በተዘጋጀ ኤግዚቢሽንና አብሮት በወጣው የማርክ ሂል መጽሐፍ ነው።

ዕቃውን ለመለየት ገልብጦ ግርጌውን ማንበብ ያስፈልጋል። «ዌስት ጀርመኒ» ወይም «ደብሊው ጀርመኒ» የሚል ጽሑፍ ካለው ጀርመን ለሁለት ተከፍላ በቆየችባቸው ከ1949 እስከ 1990 ባሉት ዓመታት የተሠራ ነው። አጠገቡ ብዙ ጊዜ በሰረዝ የተለዩ ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ። ለምሳሌ 517-30 ቢል 517 የቅርጹ መለያ፣ 30 ቁመቱ በሴንቲ ሜትር ነው። የፋብሪካው ስም ባይጻፍም ከቁጥሩ፣ ከግርጌው አሠራርና ከጭቃው ቀለም ሠሪውን መለየት ይቻላል።

ከመግዛት በፊት አፉን በጣት መዳሰስና ጎኑን አንኳኩቶ ማዳመጥ ይበጃል። እናቶቻችን እንስራ ሲገዙ እንደሚያደርጉት ማለት ነው፦ ደህናው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ውስጡ የያዘው ነጭ የውሃ ዝቃጭ ኮምጣጤ ተሞልቶበት ሲያድር ይለቃል። በአንዳንዶቹ ደማቅ ቀይና ብርቱካናማ ቅቦች ካድሚየም ስለሚኖር ለምግብም ሆነ ለመጠጥ ማቅረቢያ አይሆኑም። ወደ አገር ቤት የሚወስዳቸው ሰው ሆዳቸውን በልብስ ሞልቶ፣ ዙሪያቸውን በጋቢ ጠቅልሎ ሻንጣው መሃል ቢያደርጋቸው ሳይሰበሩ ይደርሳሉ።

ቬስተርቫልድ ሸክላ ሠሪነትን መጠሪያው አድርጎታል፤ በሆር-ግረንዝሃውዘንም የሴራሚክ ሙዚየም አቁሞለታል። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪ ለዘመናት ተንቆ ኖሯል፤ የአብዛኛው ጀበና ግርጌም ከጥላሸት በቀር የሠሪዋን ስም አይናገርም። የፋብሪካ ዕቃ እንኳ በቁጥሩ ሠሪው ከታወቀ፣ በእጅ የተሠራ ጀበና የገዛ ሰው የሠሪዋን ስምና መንደር ጠይቆ ይጻፍ።