ከአምባሰል እስከ በረሃ

የገጠር ሰው ከቤቱ የሚወጣው ጉዳይ ሲኖረው ነው። ገበያ አለ፤ ይሄዳል። ለቅሶ አለ፤ ይሄዳል። ክስ ካለበት ፍርድ ቤት ይሄዳል። የታመመ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ጠበል ይዞ ይሄዳል። «አገር ልይ ብዬ ነው» ብሎ የወጣ ገበሬ ግን ማን አይቷል? እንዲህ ያለ ሰው ቢገኝ ጎረቤት «ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

እኔና ባለቤቴ በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር ለአምስት ቀን ከቤት ወጥተን ነበር። ማሽላው ታጭዷል፤ ጤፉም ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። ልጆቹን እህቴ ጋ ተውናቸው። ጉዳያችን ማየት ብቻ ነበር። ባለቤቴ መጀመሪያ እምቢ ብላኝ ነበር።

«ሰው ምን ይለናል? የሞተ የለ፣ የሚሸጥ የለ። ባልና ሚስት ተያይዘን ስንዞር አበዱ አይሉንም?» አለች።

«ሙሽሮች ናቸው ይበሉን» አልኳት።

ሳቀች። ስንቁን ያዘጋጀችው ግን በማግስቱ ነው። ሌሊቱን አስባበታለች ማለት ነው።

ቤታችን ከውጫሌ ብዙ አይርቅም። ውጫሌ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የአምባሰልን ተራራ ከልጅነታችን ጀምሮ ስናየው ኖረናል። ከብት እየጠበቁ ማየትና ቁጭ ብሎ ማየት ግን አንድ አይደለም። በዚያ ጠዋት መኪና ስንጠብቅ ተራራውን እንደ እንግዳ አየነው። ገደሉ ቀጥ ያለ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ይቀላል። ስሙ የማር አምባ ማለት ነው የሚሉ አሉ፤ ዐሰል በዓረብኛ ማር ነውና። አገሩ ንብ የሚረባበት አገር ስለሆነ አባባሉ ያምርበታል።

አምባሰል የተራራ ስም ብቻ አይደለም። የዜማም ስም ነው። አራቱ የታወቁ የዜማ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ይባላሉ። ቅኝት ማለት የክራሩ ጅማት የሚቃኝበት መንገድ ነው። ዘፋኟ ማሪቱ ለገሠ በእነዚህ የወሎ ዜማዎች አገር ያወቃት ናት። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ የቦታ ስም ናቸው። ሁለቱም ቦታዎች በወሎ ምድር ይገኛሉ።

ይህንን ለባለቤቴ ስነግራት «እንግዲያው ከአምባሰል ተነስተን ባቲ ድረስ እንሂዳ!» አለች። መንገዳችን የተቆረጠው እንዲህ ነው።

ከመሄዳችን በፊት ግን እዚያው ደጃችን ያለ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ የሚባል ቦታ አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከጣሊያን መንግሥት ጋር የተዋዋሉት እዚያ ነው። ውሉ የውጫሌ ውል ይባላል። የተጻፈውም በሁለት ቋንቋ፣ በአማርኛና በጣሊያንኛ ነው። ሁለቱ ጽሑፎች ግን 17ኛው አንቀጽ ላይ ተለያዩ። አማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ጉዳይ ሲኖራቸው ቢፈልጉ በጣሊያን በኩል ሊያደርጉት እንደሚችሉ ይናገራል። ጣሊያንኛው ደግሞ ይህንኑ ግዴታ ያደርገዋል። «ይችላሉ» እና «ግድ ነው» ምን ያህል እንደሚራራቁ አስቡት። አንዱ ነፃ አገር፣ ሌላው ጥገኛ አገር ማለት ነው። ነገሩ ሲታወቅ ጠብ ሆነ። ጠቡም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ አደረሰ።

ባለቤቴ ዝም ብላ ስትሰማኝ ቆየችና «የእኛ የመሬት ደብተር ላይ ያለውን ሁሉ አንብበነዋል?» አለችኝ። የሁለታችንም ፎቶግራፍ ያለበት ደብተር ነው። ፎቶግራፉን አይተናል እንጂ ጽሑፉን አላነበብነውም ነበር። ከጉዞ ስንመለስ ኩራዝ አብርተን፣ እርሷ አንድ መስመር እኔ አንድ መስመር እያልን አነበብነው።

ቅዳሜ ዕለት በሚኒባስ ሱሉላን አልፈን ሐይቅ ከተማ ገባን። ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከተማውም ሐይቅ፣ ውሃውም ሐይቅ ይባላል። ሰው ሌላ ስም መፈለግ ያላስፈለገው ይመስላል። ከከተማው ወደ ምሥራቅ ጥቂት በእግር ከተሄደ ውሃው ድንገት ይገለጣል። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥልቅ በሆነበት ቦታ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። ሃምሳ ሰው አንዱ ባንዱ ጫንቃ ላይ ቢቆም የላይኛው ሰውዬ ራሱ አይታይም። ወንዝ ይገባበታል እንጂ ወንዝ አይወጣበትም።

በሐይቁ ዳር ጥብስ አሣ በላን። ቆሮሶ የሚባለው አሣ በዚህ ውሃ ውስጥ የተጨመረው በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ባለቤቴ አሣ ቀምሳ አታውቅም ነበር። እሾሁን እየለቀመች «ይህን ያህል ለቅሞ ከመጥገብ ሽሮ ይሻላል» አለች። ቢሆንም ጨረሰችው።

እሑድ ጠዋት ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ሄድን። ገዳሙ ቀድሞ በውሃ በተከበበ ደሴት ላይ ነበር። ዛሬ ቦታው ከየብስ ጋር ስለተያያዘ በእግር ይገባል። በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገዳሙን ያቋቋሙት አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። እርሳቸው በዚያ ታላቅ ትምህርት ቤት አደረጉ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል።

በሩ ላይ ስንደርስ ተለያየን። ገዳሙ የወንዶች ነው፤ ሴት አትገባበትም። ባለቤቴ ይህን ታውቅ ነበር። ሆኖም ማወቅና በር ላይ መቆም ይለያያል። ነጠላዋን አስተካክላ «ግባ፤ ለሁለታችንም እይ» አለችኝ።

ለሁለት ሰው ማየት ከባድ ነው። ብቻዬን ብሆን ተሳልሜ እመለስ ነበር። አሁን ግን ዛፉን፣ የመነኮሳቱን ጎጆ፣ በቅጠል መካከል ብልጭ የሚለውን ውሃ ሁሉ ለመያዝ ሞከርኩ። በዚህ ገዳም አራቱ ወንጌል የተጻፈበት የብራና መጽሐፍ አለ። የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ይባላል። ከተጻፈ ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል። የተጻፈበት ዘመን ከሚታወቅ የኢትዮጵያ መጻሕፍት መካከል በዕድሜ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። እስቲ አስቡት፤ ያን መጽሐፍ የጻፈው ሰው የጻፋቸው ፊደሎች ዛሬ እናንተ የምታነቧቸው ፊደሎች ናቸው። ቋንቋው ግዕዝ ነው እንጂ ሀሁ ያው ሀሁ ነው።

ስወጣ ባለቤቴ ከአንዲት አሮጊት ጋር ጥላ ሥር ተቀምጣ ጨዋታ ይዛለች። እኔ ያየሁትን ነገርኳት። እርሷ ደግሞ የሰማችውን ነገረችኝ። አሮጊቷ የሐይቁን አፈጣጠር አጫውተዋታል። ያገሬው ሰው እንዲህ ብሎ ይተርካል። ጥንት በዚህ ቦታ ውሃ አልነበረም። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች። እግዚአብሔር ተቆጣ። በሴትዮዋ ዙሪያ ያለው ምድር ሁሉ ውሃ ሆነ። ልዕልቲቱ ከነወገኖቿ ሰጠመች። ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደሴት ሆኖ ተረፈ። ደሴቱም ገዳሙ ያለበት ነው።

«እንዲህ ከሆነ ቦታው ለእርሷ ሲባል የተረፈ አይደል? ታዲያ ዛሬ ብትመጣ እንደኔ በር ላይ ትቀር ነበር?» አለችኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ሥርዓቱ የገዳም ሥርዓት ነው፤ እርሷም ታከብረዋለች፣ እኔም አከብረዋለሁ። ጥያቄዋ ግን እስከ ደሴ ድረስ አብሮን በመኪና ሄደ።

ደሴ ላይ አልቆየንም። ብርድ ነበር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ጆሮ ይደፍናል። ኮምቦልቻ አደርን።

ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ከኮምቦልቻ ባቲ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባቲ የደጋና የቆላ መገናኛ ናት። ከደጋው አማራው፣ ከአካባቢው ኦሮሞው፣ ከቆላው ዐፋሩ በአንድ ሜዳ ይገናኛል። ያን ዕለት ያየነው ግመል፣ ፍየል፣ ጨው፣ ቅቤ፣ እህልና ምንጣፍ ነበር። እኛ አገር በገበያ ላይ አህያ መንገድ ይዘጋል፤ እዚያ ግን ግመሉ ከላይ ሆኖ ያይሃል። ባለቤቴ የሰሌን ምንጣፍ ከአንዲት የዐፋር ሴት ጋር ስትከራከር ቆምኩ። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም። ጣት እያወጡ፣ እየሳቁ፣ አንዴ ተነስተው እየሄዱ፣ እንደገና እየተመለሱ ተስማሙ። እኔ በአማርኛ ብከራከር ኖሮ የበለጠ እከፍል ነበር።

በባቲ የባቲን ዜማ እሰማለሁ ብዬ ነበር። የሰማሁት የግመል ጩኸት ነው።

ከባቲ ወዲያ ምድሩ ወደ ዐፋር በረሃ ይወርዳል። «በረሃ ደግሞ ምን ይታያል?» አለችኝ ባለቤቴ። እውነቷን ነው፤ እኛ በረሃን የምናውቀው በችግር ነው። ከብት ያለቀበት ሰው ወይም ከቤቱ የጠፋ ልጅ «በረሃ ወረደ» ይባላል። በሌላ አገር ግን በረሃን ለማየት ገንዘብ ከፍለው የሚሄዱ አሉ። በአሜሪካ አገር የሞት ሸለቆ የሚባል በረሃ አለ። ከባሕር ወለል 86 ሜትር ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ስሙ ቢያስፈራም ብርዱ በሌላው አገር ሲበረታ ባልና ሚስት በመኪና ሄደው ድንጋዩን፣ አሸዋውን፣ የጀንበሯን መጥለቅ አይተው ይመለሳሉ። የእኛው ዳሎል ከዚያም ይልቃል፤ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። እኛ ግን እስከዚያ አልሄድንም። ወደ ሚሌ ከተማ የሚወስደውን መንገድ ያዝን።

አረንጓዴው እያነሰ ሄደ። ቀጥሎ ግራር ብቻ ሆነ። ከዚያ ጥቁር ድንጋይና ሰማይ። በመንገድ ዳር እንደተደፋ ቅርጫት ክብ የሆኑ ቤቶች አየን። ደቦይታ ይባላሉ። የታጠፈ እንጨት ላይ ምንጣፍ አልብሰው የሚሠሯቸው ሴቶች ናቸው። መንጋው ሲንቀሳቀስ ሴቶቹ ቤቱን ነቅለው ግመል ላይ ይጭኑታል። ባለቤቴ በመስኮት አንገቷን እስክታወጣ ድረስ ስታያቸው ቆየች። «ቤቱ የሴቷ ነው ማለት ነው» አለች።

በዚሁ በረሃ፣ ሐዳር በሚባል ቦታ፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. የድንቅነሽ አጥንት ተገኝቷል። ድንቅነሽ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረች፣ በሁለት እግሯ ቆማ የምትሄድ ፍጥረት ናት። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙ አይበልጥም ነበር። ዓለም የሰውን ጥንት ሊያይ ወደዚህ ይመጣል።

ሚሌ ስንደርስ ሻይ ቤት ተቀመጥን። አንድ የዐፋር ሽማግሌ ከአጠገባችን ሆነው ጥያቄ ጀመሩ። ባለ ሻይ ቤቱ አስተረጎመልን። ከየት መጣችሁ? ዝናብ እንዴት ነው? ገበያው እንዴት ዋለ? በመንገድ ምን አያችሁ? ይህ ዳጉ ይባላል። የዐፋር መንገደኞች ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን አንድ በአንድ ይነጋገራሉ። «ምን ጉዳይ አመጣችሁ?» የሚል ጥያቄ ስጠብቅ ሳይመጣ ቀረ። ባለቤቴ ግን የልቧን አገኘች። አምባሰልን፣ ሐይቁን፣ አሣውን፣ ምንጣፉን ሁሉ ተረከች። ሽማግሌው እያንዳንዱን እየሰሙ አንገታቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ወንዙን አየን። የሚሌ ወንዝ የሚነሳው ከእኛው ደጋ፣ ሱሉላ ካለችበት ከተሁለደሬ ወረዳ ነው። በረሃውን አቋርጦ አዋሽ ውስጥ ይገባል። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በጥር ውሃው ትንሽ ነበር፤ የወንዙ ሆድ ሰፊ ደለል ነው። ባለቤቴ ወርዳ አፈሩን በእጇ ዘገነች። ጥሩ አፈር ነው።

«የሱሉላ ሰዎች ማሳ እዚህ ነው ያለው» አለች።

በዚያው ዓመት ክረምት ሳይገባ የእኛን ማሳ ተዳፋት ሁለታችን በድንጋይ እርከን ሠራንለት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በዚሁ መንገድ አልፏል፤ ውጫሌም፣ ሐይቅም፣ ባቲም ተጎድተዋል። ስለዚህ መሄድ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም ይጠይቅ። ወደ ቆላው ለመውረድ ከታኅሣሥ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል። ውሃ መያዝ አይረሳ። ለሐይቅ ጋቢ፣ ለሚሌ ነጠላ ያስፈልጋል።

ረቡዕ ማታ ቤት ስንገባ ጎረቤት ተሰብስቦ ምን ይዛችሁ መጣችሁ ብሎ ጠየቀ። ምንጣፉን አነጠፍንላቸው፤ ባለቤቴም ዳጉውን ቀጠለች። እኔ ደክሞኝ ተኛሁ። ሊነጋጋ ሲል «ግሸን ማርያም ሴትም ወንድም ይገባል አይደል?» ስትል ሰማኋት። ግሸን በዚሁ በአምባሰል ወረዳ ያለች፣ የመስቀል ቅርጽ ያላት አምባ ናት። ዓመታዊ በዓሏ መስከረም 21 ቀን ነው። በ2012 ዓ.ም. ለዚያ በዓል አብረን ወጣን። ስለ እርሱ በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።